የበዓል ማዕድ ለምን አይበቃም፦ እርጅና፣ ፕሮቲንና የሰፈር የጋራ ምሳ

በዓል ሲቃረብ በየከተማው ማዕድ ማጋራት ይጀመራል። ሐዋሳም ከዚህ የተለየች አይደለችም። ዘይት፣ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ዶሮ ይታደላል፤ ካሜራ ይመጣል፤ አረጋውያኑ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ሥራው ደግ ነው፣ የሚነቀፍም አይደለም። የሚያሳስበው ከበዓሉ ማግስት እስከ ቀጣዩ በዓል ያለው ረጅም ጊዜ ነው።

ሰውነታችን ስብን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ይችላል። ለፕሮቲን ግን ጎተራ የለውም። ዛሬ ከሚያስፈልገው በላይ ቢያገኝ ትርፉን ለሚቀጥለው ሳምንት አያቆይም፤ ነገ ደግሞ ካጣ የጎደለውን ከራሱ ጡንቻ ላይ እየቆረሰ ይወስዳል። በፋሲካ የተበላ ዶሮ የሰኔን ጡንቻ አይጠብቅም። ለአረጋውያን የሚደረግ የምግብ ድጋፍ በመጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ ደጋግሞ መምጣት አለበት የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ጡንቻ ከአርባዎቹ ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ይፈጥናል። ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ ለውጥም አለ። የወጣት ሰውነት ከአንድ ሳህን ምስር የሚገነባውን ያህል ጡንቻ የአረጋዊ ሰውነት ከዚያው ሳህን መገንባት አይችልም። ስለዚህ ሰው ሲያረጅ የሚያስፈልገው ጠቅላላ የምግብ ጉልበት ይቀንሳል፣ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ግን ይጨምራል። ለጎልማሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል ተብሎ ሲታሰብ፣ ለአረጋውያን ባለሙያዎች የሚመክሩት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። 50 ኪሎ የሚመዝኑ እናት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። ከበሽታ ወይም ከስብራት በማገገም ላይ ያለ ሰው ከዚህም በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንለት፤ ይህ ምክር እሱን አይመለከትም።

«ያረጀ ሰው ምን ይበላል፣ ትንሽ ትበቃዋለች» የሚለው የተለመደ አባባል እንግዲህ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ትንሽ ይበላል፤ ነገር ግን ያቺ ትንሽ ምግብ ከወጣቱ ሳህን ይልቅ የተመረጠች መሆን አለባት።

ጡንቻ ሲባል የስፖርተኛ ክንድ የሚመስለው ሰው አለ። እዚህ የምንነጋገረው ከመደብ ላይ ያለ ደጋፊ ስለመነሣት፣ ቁጢጥ ብሎ ስለመጸዳዳት፣ ባጃጅ ላይ ስለመውጣት ነው። እግር ሲከዳ ሰው ይወድቃል፤ ሲወድቅ የዳሌ አጥንት ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አረጋውያን እንደ ቀድሞው አይራመዱም። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን እርጅናው ብቻውን አይደለም፤ ከሥሩ ለወራት የዘለቀ የምግብ ጉድለት አለ።

የምግብ ፍላጎት የሚቀንስበት ምክንያት ብዙ ነው። ጣዕምና ሽታ ይደበዝዛሉ፣ ጥርስ ይነቀላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ የሚወሰደው መድኃኒት አፍ ያመርራል ወይም ያቅለሸልሻል። ጥማትም ይዳከማል፤ በሐዋሳ የበጋ ሙቀት ቀኑን ሙሉ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉና «አልጠማኝም» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ አልጠማቸውም፣ ሰውነታቸው ግን ደርቋል። ከሁሉ የሚከብደው ብቸኝነት ነው። የትዳር ጓደኛውን ያጣ፣ ልጆቹ ለሥራ የተበተኑበት ሰው ለራሱ ብቻ ድስት መጣድ ይታክተዋል። በአገራችን ደግሞ ከአንድ ትሪ እየቆረሱ፣ እየተጎራረሱ መብላት የለመደ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ እንጀራው ይተናነቀዋል።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ በደንብ መቆየት ያስፈልጋል።

በሐዋሳና በዙሪያዋ ቆጮ ዋና ምግብ ነው። እንሰት ድርቅን የሚችል፣ አገር ያቆመ ተክል ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ቆጮ ግን በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ቡላም እንደዚሁ። አባቶች ይህን በላቦራቶሪ ባይለኩትም በልምድ ፈትተውት ነበር፦ ቆጮ ከወተት፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ይቀርብ ነበር። ላም በደጅ የነበረበት ዘመን ነው። ከተማ ገብቶ በኪራይ ቤት የሚኖር አረጋዊ ቆጮውን ከገበያ ያገኘዋል፤ ወተቱ ግን ከገበታው ወርዷል። የቀረው ሆድ የሚሞላ፣ ጡንቻ የማይሠራ ምግብ ነው። ችግሩ ከቆጮው አይደለም፤ ከጎኑ የነበረው ስለጠፋ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ጥቂት አይብ ጣል ቢደረግ የሳህኑ ሚዛን ወዲያው ይለወጣል።

ሁለተኛው መረቅ ነው። በየቤቱ ለደካማ ሰው የሚታሰበው መጀመሪያ መረቅ ነው፤ «አጥንት ቀቅላችሁ መረቁን ስጧቸው» ይባላል። መረቅ ይሞቃል፣ ይጣፍጣል፣ ለማላመጥ አያስቸግርም፣ ፈሳሽም ይተካል። ፕሮቲኑ ያለው ግን በአብዛኛው በሥጋው ውስጥ ነው። ብዙ ቤት መረቁ ለእማማ ይቀርብና ሥጋው ለልጆቹ ይወጣል፤ ሁሉም እማማ ምርጡን ያገኙ ይመስለዋል። ሥጋውን በደቃቁ ከትፎ ወይም ቀቅሎ አድቅቆ እዚያው መረቁ ውስጥ መጨመር ቀላል መፍትሔ ነው። አጥሚትም ተመሳሳይ ነው። በውኃና በስኳር ብቻ የተሠራ አጥሚት ጉልበት ይሰጣል እንጂ አይገነባም። በወተት ቢሠራ፣ የተፈጨ ለውዝ ቢገባበት፣ እንቁላል ተመትቶ ተጨምሮበት በደንብ ቢበስል ሌላ ምግብ ይሆናል።

ሦስተኛው ሻይ በዳቦ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታም ሻይ በዳቦ። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ሁሉ ወደዚያ ያዘነብላል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእንጀራና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቅር የሚል ሰው ሐዋሳ ላይ ሰሚ አያገኝም፤ እኔም አልልም። ከምሳው አንድ ሰዓት ያህል ራቅ ማድረግ ግን ይቻላል።

ከተማዋ ያላት ትልቅ ሀብት ዓሣ ነው። በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ጠዋት ከጀልባ የሚወርደው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ጥርስ ለሌለው ሰው ከሥጋ ይልቅ የተመቸ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ 100 ግራም የበሰለ ዓሣ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ዓይን የደከመ ሰው እሾህ አይለይም። ጥሬ ዓሣ መብላት እዚያው የተለመደ ቢሆንም ለአረጋዊና ለታመመ ሰው አይመከርም። ዓሣ ውድ በሆነበት ቀን ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር አሉ። ወፍራም ሽሮ ከቀጭን ሽሮ ይሻላል፤ ቀጭኑ ውስጥ ያለው አብዛኛው ውኃ ነው።

ጾምን ሳያነሡ ስለ አረጋውያን ምግብ መጻፍ ዋጋ የለውም። ከሁሉ አጥብቀው የሚጾሙት አረጋውያን ናቸው፤ በተለይ እናቶች። ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። አንደኛው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው የቀኑን ምግብ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ መጨረስ አለበት፤ ትንሽ ሆድ ይህን አይችልም። ሁለተኛው የቫይታሚን ቢ 12 ነገር ነው። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው፤ በእርጅና ደግሞ ጨጓራ ከምግቡ ውስጥ ለይቶ የማውጣት አቅሙ ይዳከማል። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ጉድለቱ ሊብስበት ይችላል። ምልክቱ የእግር መደንዘዝ፣ ሚዛን መሳት፣ መርሳት ስለሆነ በቀላሉ በእርጅና ይሳበባል። ለታመመና ለደከመ ሰው ጾሙ እንዴት እንደሚሆን የሚወስኑት ሰውየውና ነፍስ አባቱ ናቸው፤ የጤና ባለሙያው ድርሻ ሁኔታውን በግልጽ ማስረዳት ነው። በረመዳንም እንዲሁ፣ ሕመምተኛና አቅመ ደካማ እንዲያፈጥር የተፈቀደለት መሆኑን ብዙ አረጋውያን ያውቃሉ፤ ግን ይሉኝታ ይይዛቸዋል።

አንድ አረጋዊ መጎዳት መጀመሩን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባለፉት ሦስት ወራት ከ3 ኪሎ በላይ ሳይፈልግ ከቀነሰ ምልክት ነው። ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፦ የባት ዙሪያ በወፍራሙ ቦታ ላይ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጡንቻው ሳስቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሜትርም ከሌለ የራሱን ሁለት አውራ ጣትና ሁለት አመልካች ጣት አገናኝቶ ባቱን ይክበብ፤ ጣቶቹ ተገናኝተው ክፍተት ከተረፈ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። እግር ካበጠ ግን ልኬቱ ያሳስታል። የሰፋ ቀሚስ፣ አዲስ ቀዳዳ የተበሳለት ቀበቶ፣ የላላ ሰው ሠራሽ ጥርስም ይናገራሉ።

የጋራ ምሳ እንዴት ይሠራል?

ሌላ አገር የተሞከረውን ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የሴቶች በጎ ፈቃድ አገልግሎት ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን የበሰለ ምግብ ማድረስ ጀመረ። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በ1954 ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ፤ በ1972 ደግሞ በሕግ አገር አቀፍ ፕሮግራም ሆነ። ሕጉ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅሙ ጥቂት ብልሃቶች አሉ። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ሁሉ ይስተናገዳሉ፤ የትዳር ጓደኛም ዕድሜው ባይደርስ ይገባል። አንዱ ምግብ የቀኑን የምግብ ፍላጎት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ማሟላት አለበት። ምግቡ በመርሕ በሳምንት አምስት ቀን ይቀርባል። የቻለ በፈቃዱ ያዋጣል፣ ያልቻለ ግን አይመለስም። ሁለት መንገድም አለው፦ መምጣት ለሚችሉ በአዳራሽ አብሮ መብላት፣ ለማይችሉ ቤት ድረስ ማድረስ።

በእኛ በኩል ባዶ አይደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የመጀመሪያ ምዕራፍ ከተካተቱት 11 ከተሞች ሐዋሳና አዳማ ይገኙበታል፤ ሥራ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን «ቀጥታ ድጋፍ» በሚባለው በኩል ያለ ሥራ ግዴታ ገንዘብ የሚያገኙበት አሠራር ነው። ገንዘብ ነጻነት ይሰጣል፣ ኪራይም መድኃኒትም ይከፈልበታል። ግን ገበያ የሚሄድ እግር፣ የሚያበስል እጅ፣ አብሮ የሚበላ ሰው አይገዛም። ጥሬ ዱቄትና ዘይት ማደልም እዚሁ ላይ ይቆማል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለመናገር ያሳፍራል እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ቤት የተላከ ምግብ ወደ አረጋዊው አፍ መድረሱ እርግጠኛ አይደለም። ቤተሰቡ ከፍቶ ሳይሆን አያት አያት ስለሆነች ነው፤ የልጅ ልጆቿ እያዩ ብቻዋን የምትበላ የለችም። እዚያው ተቀምጠው የሚበሉት ምሳ የሚበልጠው በዚህ ነው። ከቤት ያስወጣል፣ ያራምዳል፣ ፀሐይ ያስገኛል፤ ቆዳ ሲያረጅ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ የመሥራት አቅሙ ስለሚቀንስ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ጨዋታም አለው።

አዳራሽ መሥራት አያስፈልግም። በየሰፈሩ ዕድር አለ። ዕድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስትና ሳህን አለው፣ ለመቶ ሰው ማብሰል የሚችሉ እናቶች አሉት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን ብቻውን እንደሚኖር የሚያውቅ መዝገብ አለው። ይህ ሁሉ ዕቃ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ብዙ ዕድሮች በኤች አይ ቪ ዘመን ወላጅ ላጡ ልጆችና ለታማሚዎች ደንባቸውን አስፍተው ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ያልተሞከረ አይደለም። ገንዘቡ በመተዳደሪያ ደንብ ለቀብር የተያዘ ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤው መወሰን አለበት፤ ዕቃውን ለማዋስ ግን ብዙ ክርክር አያስፈልገውም።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። 30 አረጋውያን፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ። ለእያንዳንዱ ሰው 60 ግራም ደረቅ ምስር ቢታሰብ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ይሆናል፤ ከዚህ ለአንድ ሰው 14 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። አንድ የተቀቀለ እንቁላል 6 ግራም ይጨምራል። እንጀራው የቀረውን ሲያዋጣ በአንድ ምሳ 25 ግራም አካባቢ ይደረሳል፤ ይህም ለአረጋዊ በአንድ ማዕድ እንዲገኝ ከሚመከረው ጋር ይቀራረባል፣ የ50 ኪሎ ሰው የቀን ፍላጎት ግማሽ ገደማ ነው። በዐቢይ ጾም እንቁላሉ ይቀርና አንድ እፍኝ የተፈጨ ለውዝ ወጡ ውስጥ ይገባል። ጎመን ይታከል፣ ዘይት አይሰሰት፣ ጨው ግን ይቆጠብ፤ ደም ግፊት ያለበት ብዙ ነው። በርበሬውም ለስለስ ይበል። ሁለት ቀን ለሰባት ቀን አይበቃም። ሆኖም የሚታወቅ ሁለት ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ፣ ከአንድ ትልቅ ግብዣ ይበልጣል።

ከዚያ በላይ ያለው ጥንቃቄ የማንኛውም ድግስ ጥንቃቄ ነው። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ አይቀመጥ፤ የተረፈው እስኪፈላ ይሞቅ። ማላመጥ የማይችል ሰው ፍትፍት ይዘጋጅለት። ሲውጥ የሚያስለው፣ ትን የሚለው ካለ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንሽ በትንሹ ይጉረስ፣ ለጤና ባለሙያም ይነገር። ለሳምንታት ምንም ያህል ሳይበላ የቆየ ሰው ሲገኝ «ይጠግብ» ብሎ ሳህን መሙላት አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት ድንገት ይዛቡና ልብን ሊጎዱ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ካሜራ ይቅር። ሳህን የያዘ አረጋዊ ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በወጣ ቁጥር አንድ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት መምጣት ያቆማል። በዚህ ላይ ድርድር ያለ አይመስለኝም። «የችግረኞች ምገባ» የሚል ባነር ከመስቀል ይልቅ «የአባቶችና የእናቶች ምሳ» ብሎ መጥራት ይቻላል። የቻለ አንድ ብር በሣጥን ይጣል፤ ያልቻለ ምስር ይልቀም፣ ሽንኩርት ይላጥ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያበሉ የኖሩ እናት እጃቸውን አጣጥፈው እንዲበሉ ማድረግ ምሳውን ያከብድባቸዋል።

የመጨረሻዎቹና አስቸጋሪዎቹ መምጣት የማይችሉት ናቸው። ታቦር ተራራ ሥር ወይም ከዋናው መንገድ ራቅ ያለ ግቢ ውስጥ አልጋ የያዘ ሰው የድንኳኑን ምሳ አያየውም። ለእሱ ምሳ ዕቃና ባጃጅ ያስፈልጋል፤ የሰፈሩ ወጣቶች በተራ ሊያደርሱ ይችላሉ። የሚያደርሰው ሰው ግን በር ላይ አስቀምጦ የሚመለስ መሆን የለበትም። ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች አብሮ ይብላ። የባለፈውን ምሳ ዕቃ ሲቀበል ክዳኑን ይክፈተው። ምግቡ ሳይነካ ከተመለሰ ምክንያቱን ይጠይቅ፤ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ በዚያው ቀን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይንገር።